ጥያቄውን ከመልሱ በኋላ ስለ መለወጥ

ሰው ሥዕል አስሎ በቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቅል የሚያየው አንድ ሥዕል ነው። በሲኒማ መጋረጃ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል፤ በዛሬ አጠራር አኒሜሽን የሚባለው፤ እንደዚህ አይደለም። ዓይናችን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎች ተራ በተራ ሲያልፉበት እንቅስቃሴ ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ በሩ ለማዞር አንድ ሴኮንድ ቢፈጅባት፤ ያ መዞር በ24 ተከፋፍሎ መሠራት አለበት። 90 ደቂቃ በሚቈይ ፊልም ውስጥ የሚያልፉት ሥዕሎች ከ129,000 ይበልጣሉ። በቀድሞው ዘመን ይህ ሁሉ በእጅ ይሣልና በቀለም ይሞላ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ድካሙን አላስቀረውም። አንዱ ገላውን ይቀርጻል፤ ሌላው እንዲታጠፍ አጥንትና መገጣጠሚያ ያገባበታል፤ ሦስተኛው ያንቀሳቅሰዋል፤ ሌላው ፀጉሩንና ልብሱን፤ ሌላው ብርሃኑንና ጥላውን ያበጃል። ሁሉም ከበፊቱ ሥራ ላይ የቆመ ነው። ቤት ያሠራ ሰው እንደሚያውቀው መሠረቱ ሲነካ ጣራው ይወርዳል።

ነገሬን በቍጥር የጀመርኩት፤ ላወራው ያሰብኩት ጥፋት ከዚሁ ከቍጥሩ የሚወለድ ስለሆነ ነው። ባለገንዘቡ «ፊቷን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ታዙር» ለማለት የሚፈጅበት ሦስት ሴኮንድ ነው። ቃሉን የሚፈጽሙት ሰዎች ግን ሳምንት ሊፈጅባቸው ይችላል። መናገር በነፃ፤ መሥራት በላብ በሆነበት ቦታ፤ ተናጋሪው ቃሉን የሚቈጥብበት ምክንያት ካልተሰጠው ቃሉ ይበዛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

እኔ በመምህርነት 37 ዓመት የቈየሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ሥዕል ባላውቅ ስለ እርማት ጥቂት አውቃለሁ። እርማት የሠራተኛ ጠላት አይደለም። የተማሪውን ደብተር ሳያይ «ጥሩ» ብሎ የሚፈርም መምህር ደመወዙን የሚሰርቅ ሰው ነው። ሥራን አይቶ «ይህ ቀረው፤ ይህ በዛ» የሚል አሠሪም ለሠዓሊው ወዳጁ ነው። ነገር ግን ተማሪው መልሱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ መምህሩ ተነሥቶ ጥያቄውን ከሰሌዳው ላይ ደምስሶ፤ ሌላ ጥያቄ ጽፎ፤ «ይህን አልመለስክም» ብሎ ማርክ ቢቀንስበት ምን እንላለን? በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለውን መምህር ዲሬክተሩ ያስጠራው ነበር። በፊልም ንግድ ግን ይህ በየቀኑ የሚደረግ ነው፤ ስሙም «ማስተካከያ» ነው።

በ2019 ሶኒክ ስለሚባለው ሰማያዊ ጃርት የተሠራ ፊልም ማስታወቂያው ወጣ። ይህ ጃርት ከ1991 ጀምሮ ሴጋ በሚባለው የጃፓን ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ሲሮጥ የኖረ ስለሆነ፤ መልኩን ልጆች ያውቁታል። በማስታወቂያው ላይ የታየው ግን ዓይኑ ያነሰ፤ ጥርሱ የሰው ጥርስ የመሰለ ሌላ ፍጡር ነበር። ሕዝቡ ሳቀ፤ ተቈጣም። ዲሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በጥቂት ቀን ውስጥ መልኩ እንደሚለወጥ አስታወቀ፤ በኖቬምበር ሊወጣ የነበረው ፊልምም ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ተላለፈ። ሁለተኛው መልክ ከመጀመሪያው በጣም እንደሚሻል እኔም እመሰክራለሁ። ፊልሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ደንበኛን መስማት እንዲህ ነው ተብሎም ተመሰገነ።

መልካም ነው። ግን የመጀመሪያውን መልክ ማን አጸደቀው? በእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ሠዓሊ ከመሬት ተነሥቶ ጥርስ አይተክልም፤ ባለገንዘቦቹ አይተው እሺ ያሉት ብቻ ነው ወደ ሕዝብ ዓይን የሚደርሰው። እሺ ባዮቹ ሲሳሳቱ የሚደክመው የሌላ ሰው እጅ ነው። በፊልሙ ከሠሩት ቤቶች አንዱ፤ ሙቪንግ ፒክቸር ካምፓኒ የተባለው ድርጅት በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የነበረው ቅርንጫፍ፤ ፊልሙ ሳይወጣ በዲሴምበር 2019 ተዘጋ። ድርጅቱ ምክንያቱ የአካባቢው የገበያ ሁኔታ መሆኑን ተናገረ። የጃርቱ እርማት ነው የዘጋው ማለት አልችልም፤ አልልምም። ሕዝቡ አዲሱን መልክ እያየ ሲያጨበጭብ ግን በዚያ ቤት መብራት የሚያበራ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት ልግባ። በዚህ ንግድ ሥራው የሚሰጠው በቍርጥ ዋጋ ነው። ትልቁ የፊልም ኩባንያ ብዙ የሥዕል ቤቶችን ይጠራና «ይህን ያህል ትዕይንት በስንት ትሠሩልኛላችሁ?» ይላል፤ ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ይወስደዋል። ዋጋው በሚቈረጥበት ቀን ዲሬክተሩ የሚፈልገውን ገና በልቡ እንኳ አልጨረሰውም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሐሳቡ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ፤ አምስት ጊዜ፤ ሃያ ጊዜ። እያንዳንዱ ለውጥ ከተቈረጠው ዋጋ ላይ ይበላል። በውሉ መሠረት ተጨማሪ መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የትልልቆቹ ኩባንያዎች ቍጥር በጣት የሚቈጠር ስለሆነ፤ ዛሬ ሒሳብ የጠየቀ ነገ እንዳይጠራ ይፈራል። ፈርዖን ጭዱን ከልክሎ ጡቡን በቍጥር እንደ ተቀበለው ማለት ነው። ደግሞ ልዩ ልዩ መንግሥታት ሥራውን ወደ አገራቸው ለመሳብ ቀረጥ ስለሚመልሱ፤ ሥራው ከሎስ አንጀለስ ወደ ቫንኩቨር፤ ወደ ለንደን ይሰደዳል፤ ሠራተኛውም ሚስቱንና ልጆቹን፤ የልጆቹንም የትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ ይከተለዋል።

ይህ ነገር በአደባባይ የታየው በ2013 ነው። ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የሚባል፤ በ1987 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ካሜራ ሊያነሣው የማይችለውን በኮምፒዩተር ሠርቶ ከፊልም ጋር በማዋሐድ ከፍ ያለ ስም ያለው፤ ከዚያ በፊትም ኦስካር የተቀበለ ቤት ነው። «ላይፍ ኦቭ ፓይ» በተባለው የአንግ ሊ ፊልም፤ መርከብ ከሰጠመ በኋላ አንድ ልጅ ከአንድ የህንድ ነብር ጋር በጀልባ ላይ ይቀራል። ያ ነብር በአብዛኛው እነዚህ ሰዎች የሠሩት ነው። ያየሁት በልጄ ቤት ነው፤ ነብሩ በረኃብ ከስቶ፤ ቆዳው በአጥንቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ ከልብ አዘንኩ፤ ለሌለ አውሬ! ሰውን ለሌለ ነገር እንዲያዝን ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይህን ማንም ቀላል እንዳያደርገው።

በፌብሩዋሪ 2013 ይኸው ድርጅት መክሠሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። በዚያው ወር መጨረሻ ፊልሙ አራት ኦስካር ተሸለመ፤ አንዱ ለዚሁ ለነብሩ ሥራ ነበር። ከአዳራሹ ውጭ በመንገድ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ የዚህ ሙያ ሠራተኞች ጽሑፍ ይዘው ቆመው ነበር። በውስጥ፤ ሽልማቱን ሊቀበል የወጣው ቢል ዌስተንሆፈር ስለ ድርጅቱ ችግር መናገር ሲጀምር፤ ሰው ስለሚበላ ሻርክ ከተሠራ ፊልም የተወሰደ ዜማ ከፍ ብሎ ተሰማ፤ ድምፅ ማጉያውም ተዘጋ። የሰዓቱ ደንብ ነው ይላሉ፤ ንግግሩ ረዝሞ ነበር። ቢሆንም እንደ ሠርግ ቤት ሆነብኝ፤ ወጡን ያወጣችው ሴት «እጄ ተቃጠለ» ስትል ከበሮ የሚመታባት ዓይነት ሠርግ።

እስካሁን የጠቀስኩት የገንዘብ ጭካኔ ነው። ከዚህ የሚከብድ፤ ለመፍረድም የሚያስቸግር ሌላ አለ፤ እሱም ሠራተኛው ራሱ ሥራውን ሲወድ የሚመጣው ነው። ፒክሳር የተባለው ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2» የሚለውን ፊልም ሲሠራ፤ የተጀመረው ሥራ እንደማይረባ ታወቀ። ለመጨረስ የቀረው ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። የፊልሙ መውጫ ኖቬምበር 1999 ተብሎ ከዲስኒ ጋር ተቈርጧል፤ ቀኑ አይለወጥም ተባለ። ከሌላ ፊልም ገና የወጡት ሠራተኞች ሳያርፉ ገቡበት፤ አብዛኛውንም እንደ አዲስ ሠሩት። የስቱዲዮው መሪ ኤድ ካትሙል በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን ጊዜ ሁኔታ በግልጥ ጽፎታል። ከሠራተኞቹ ሲሶ ያህሉ ፊልሙ ሲያልቅ አንድን እንቅስቃሴ ያለ ዕረፍት ከመደጋገም በሚመጣ የእጅና የክንድ ሕመም ተጐድተው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፤ በበጋው ሙቀት፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ሕፃን ልጁን ወደ ማዋያ ሊያደርስ ይዞ ወጥቶ፤ ከድካም ብዛት ረስቶ፤ ልጁን በመኪና ውስጥ ትቶ ወደ ሥራው ገባ። ባለቤቱ በኋላ ስትጠይቀው ነው የነቃው። ልጁ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው አተረፉት።

አሁን ፊልሙን ራሱን እንመልከተው። እኔ ፊልሙን ከወቀስኩ ክፉ ሥራ ነው ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም ከዚህ ዓይነት ፊልሞች ከአንደኞቹ የምቈጥረው ነው። ዉዲ የሚባለው አሻንጉሊት ክንዱ ከትከሻው ይቀደዳል። ሊሸጠው የሚፈልግ ነጋዴ ይሰርቀውና የሚጠግነው አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ያስመጣል። ሽማግሌው መሣሪያውን ከሣጥኑ አንድ በአንድ አውጥቶ፤ መነጽሩን አድርጎ፤ ክሩን በመርፌ አግብቶ መስፋት ይጀምራል። ነጋዴው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ሲያጣድፈው፤ ጥበብ በጥድፊያ እንደማይሆን ነግሮት ሥራውን በዝግታ ይቀጥላል። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ክፍል ይህ ነው፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ እጁ ብቻ ይሠራል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጸጥታ የሣሉት ሰዎች እጃቸው በፋሻ የታሰረ፤ ቀኑ የተቈረጠባቸው ሰዎች እንደ ነበሩ አስብ። የተቀደደውን ክንድ የሰፋው ሽማግሌ በሥዕል ነበር፤ የእነርሱን ክንድ ግን የሚሰፋ አልነበረም። ፊልሙ ያስተማረውን የሠራው ቤት አልተማረውም።

ካትሙል ይህን መጻፉ ያስመሰግነዋል፤ ብዙ አለቆች እንዲህ ያለውን ይደብቁታል። ሆኖም ሒሳቡ በዚህ አያልቅም። በዚያው በ2014 ሠራተኞች በፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ክሱ ስቱዲዮዎቹ አንዱ የሌላውን ሠራተኛ በተሻለ ደመወዝ ላለመውሰድ ተስማምተው የሠራተኛውን ዋጋ ዝቅ አድርገው ያዙ የሚል ነው። ካትሙል ራሱ ስለዚህ የጻፋቸው መልእክቶች በመዝገቡ ገብተዋል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ናቸው ብሎ አልፈረደም፤ ነገር ግን እስከ 2017 ድረስ ዲስኒ ከፒክሳርና ከሉካስፊልም ጋር 100 ሚሊዮን፤ ድሪምዎርክስ 50 ሚሊዮን፤ ሶኒ 13 ሚሊዮን፤ ብሉ ስካይ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ለሠራተኞቹ ለመክፈል ተስማሙ። እጁ ለተጐዳው ሠራተኛ ማዘንና ያ ሠራተኛ እጁን በተሻለ ዋጋ እንዳይሸጥ በሩን መዝጋት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ ተረዳሁ። ጨካኝ ሰው አይደለም። ያስቸገረኝም ይኸው ነው፤ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ መፍረድ ይቀል ነበር።

«ሥራውን ስለሚወዱት ነው የሚያመሹት» የሚለው ቃል በየቦታው ይሰማል። እናት ልጇን ስለምትወድ ሌሊት ትነቃለች፤ ከዚያ ተነሥቶ ግን ጐረቤት ሁሉ ልጁን እያመጣ ቢያስታቅፋት ፍቅሯን አከበረ አይባልም። በ2023 የሸረሪት ሰው የሚባለው ሥዕላዊ ፊልም ሁለተኛ ክፍል በወጣ ጊዜ ያለቁ ትዕይንቶች ደጋግመው እንዲፈርሱ በመታዘዙ ወደ 100 የሚሆኑ ሠራተኞች ሥራውን ትተው መሄዳቸውን፤ ስማቸው እንዳይጻፍ የለመኑ ባልደረቦቻቸው ለአንድ መጽሔት ተናገሩ። አለቆቹ ግን የዚህ ዓይነት ፊልም አሠራሩ እንዲህ ነው አሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ መለመናቸውን ልብ በሉ፤ ሠዓሊ ሁልጊዜ የሚለምነው ስሙ እንዲጻፍለት ነበር።

ለባለገንዘቡም ልናገርለት ይገባል። ሪቻርድ ዊልያምስ የሚባል በዚህ ጥበብ ወደር ያልነበረው ሰው፤ በ1964 ገደማ የጀመረውን አንድ ፊልም ሲያርምና ሲያስውብ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቈየ፤ በ1992 ለገንዘቡ ዋስ የሆኑት ሰዎች ሥራውን ከእጁ ወስደው በሌላ አስጨረሱት። አበላሹት፤ እውነት ነው። ግን ገንዘብ ያበደረ ሰው ቀን የመቍረጥ መብት የለውም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ቀኑን የቈረጠ ግን ሥራውንም ይቍረጥ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንጂ ቀኑን አስሮ ሥራውን መልቀቅ አይገባም።

የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግርጌ ላይ፤ ያሣለው ባለጸጋ በግንባሩ ተደፍቶ፤ ስሙ በላዩ ተጽፎ ይታያል። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ የለም። ይህን ልማድ አላሞግሰውም፤ ነገር ግን አንድ ነገር አለው፤ ያሣለው ሰው ከሥዕሉ በታች ነው የተሣለው። ዛሬ በፊልም መጨረሻ የሺህ ሰው ስም በመጋረጃው ላይ ሲወጣ፤ ተመልካቹ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ደርሷል።

ጥፋቱ ሁሉ የአሠሪ ብቻ አይደለም የምለው በጃፓን የሆነውን ስለማውቅ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ፤ ጃፓኖች እንደ አባት የሚያዩት ሠዓሊ፤ በጃንዋሪ 1963 ሮቦት ስለሆነ ልጅ የሠራውን ተከታታይ ፊልም ለቴሌቪዥን ሲሸጥ ከወጪው በታች በሆነ ዋጋ ሰጠ። ጉድለቱን ከመጫወቻና ከሌላ ሽያጭ ሊሞላው አስቦ ነበር። ፊልሙ እጅግ ተወደደ፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ዋጋ እንዲሸጥ እንደ ተገደደ ብዙዎች ይናገራሉ። ያቋቋመው ሙሺ ፕሮዳክሽን በ1973 ከሠረ፤ እስከ ዛሬም በዚያ አገር ብዙ ጀማሪ ሠዓሊዎች የሚከፈላቸው በሥዕል ቍጥር ነው።

ይህ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በአዲስ አበባ በኮምፒዩተር የሥዕል ማስታወቂያ ትሠራለች። 30 ሴኮንድ የሚቈይ ማስታወቂያ፤ ይኸውም 720 ሥዕል መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለአንድ ድርጅት ሠርታ አስረከበች። ሥራ አስኪያጁ ወደደው። ማታ ባለቤቱ አይታው የቀሚሱን ቀለም አልወደደችውም። ከዚያ ወዲያ የገበያ ክፍሉ፤ ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁ ወንድም፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቃል ጣለበት። አሥራ አንድ ጊዜ ለወጠችው። በመጨረሻ «የመጀመሪያው ይሻላል» ተባለ፤ ገንዘቡም «ስለ ዘገየሽ» ተብሎ ተቀነሰ።

«ጋሼ፤ ምን ላድርግ? እንቢ ብል ሌላ ሰው ይጠራሉ» አለችኝ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተማሩን መምህር አስታወሱኝ፤ የአዘዘው ሰው በንድፉ ላይ ሳይፈርም መጋዝ አያስነሡንም ነበር። «ልጄ፤ መጀመሪያ ንድፉን አሳይተሽ አስፈርሚ፤ ሁለት እርማት ከዋጋው ጋር ነው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ዋጋ አለው ብለሽ ጻፊበት» አልኳት። ጻፈችው። ወረቀቱን ካየው ሦስት ደንበኛ ሁለቱ ፈረሙ፤ አንደኛው እንዲያውም እርማቱን ሁሉ በአንድ ገጽ ሰብስቦ መላክ ጀመረ። ሦስተኛው ሳቀና ሥራውን በግማሽ ዋጋ፤ ያለ ወረቀት፤ እርማቱ እስከ ፈለጉት ድረስ ነው ላለ ሌላ ወጣት ሰጠው። ያ ወጣትም ከእኔው ክፍል የወጣ ነው። መጥቶ እንዲያነጋግረኝ ሁለት ጊዜ ልኬበታለሁ፤ ሥራ በዝቶበት አልመጣም።